ጉበት የሚሰባው በመጠጥ ብቻ አይደለም

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ከጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ለዛሬ የመረጥነው ርእስ የጉበት ስብ ነው። ርእሱን ስናስታውቅ አንዳንዶች «ይኼ የጠጪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ማለታቸውን ሰምተናል። እንግዲህ ንግግራችን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ በእምነታቸው ምክንያት አረቄም ሆነ ጠጅ በቤታቸው የማይገባ ቤተሰቦች እጅግ ብዙ ናቸው። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ከብዙ ጣጣ ይጠብቃል። ሆኖም መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰውም ጉበቱ ይሰባል።

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ብልት ነው። የበላነውን ይረከባል፣ መርዙን ያጣራል፣ ትርፉን ያስቀምጣል። ሰውነት ከሚሠራበት በላይ ምግብ፣ በተለይም ስኳር ሲበዛበት ግን ትርፉን ወደ ስብ ለውጦ በራሱ ውስጥ ያከማቻል። ስቡ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ሐኪሞች በሽታ ይሉታል። በብዙዎች ላይ እዚያው ይቆማል። በአንዳንዶች ግን ጉበቱ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል፤ ዓመታት ሲያልፉ ጉበቱ ይጠጥራል፣ ካንሰርም ሊከተል ይችላል።

ክፋቱ ዝምታው ነው። ጉበት እንደ ጥርስ አይጠዘጥዝም። ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ሆድ ውኃ ቋጥሮ፣ እግር አብጦ ሲታይ በሽታው ብዙ ርቆ ሄዷል። ያን ጊዜ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ የሌሊት ወፍን መውቀስና ቅጠል ፍለጋ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው። ከቅጠሉም ውስጥ ራሱ ጉበትን የሚጎዳ አለ።

ታዲያ ይህ ነገር ወደ እኛ ከተሞች እንዴት መጣ? እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ ውለው፣ ውኃ ቀድተው፣ ገበያ በእግራቸው ደርሰው ስለሚመለሱ የበሉት ቆጮና ቅቤ በሥራ ያልቅ ነበር። ዛሬ ቆጮውን ገዝተን፣ ለአሥር ደቂቃ መንገድ ባጃጅ ተሳፍረን፣ ቀኑን በሱቅና በቢሮ ተቀምጠን የምንውል በዝተናል። ልጆቻችን ከደቡብ አፍሪካ በላባቸው የሚልኩት ገንዘብ ቤት ሠርቷል፣ ተማሪ አስተምሯል። ኑሮ ሲሻሻል ግን ለስላሳውና ብስኩቱም ከበዓል ወደ ዘወትር ማዕድ ወርዷል።

መጠጥ በማይገባበት ቤት የእንግዳ ክብር የሚገለጸው በለስላሳ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። በአንድ እሑድ ሦስት ቤት የጠየቀ ሰው ከ20 ማንኪያ በላይ ስኳር ጠጥቶ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ያህል ስኳር በሻይ ቢቀርብለት ማን ይጠጣዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በመንደራችን አንድ ሰው ጉበቱን ታመመ ሲባል «በስውር ይጠጣ ነበር ማለት ነው» የሚል ወሬ ይነሳል። በዚህ የተነሳ ሕመምተኛው የምርመራ ውጤቱን ይደብቃል፤ ቤተሰቡም በእድሩና በጸሎት ቤቱ አንገቱን ይደፋል። የዓለም የጉበት ሐኪሞች በሰኔ 2015 ዓ.ም. የበሽታውን ስም ለውጠዋል። የቀድሞው ስም ሕመምተኛውን ከአልኮል ጋር እያነሳ ያሳፍር ስለነበር፣ አሁን ሰውነት ምግብን ከሚጠቀምበት ሥርዓት መዛባት ጋር አያይዘው ይጠሩታል። ሐኪሞቹ ስሙን ካረሙ፣ እኛም ሐሜቱን ብንተው አያቅተንም። ሐሜት የፈራ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ያልሄደ ሰው ደግሞ የሚድንበት ጊዜ ያመልጠዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስለ ጉበቱ ሐኪሙን ይጠይቅ። በዓለም ዙሪያ 2ኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉበታቸው ላይ ስብ ተገኝቷል። የደም ግፊት ያለበትም ይጠይቅ።

2ኛ/ በልብስ ሰፊ ሜትር ሆዳችንን ዙሪያውን እንለካ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

3ኛ/ ምርመራው በደምና በአልትራሳውንድ ነው። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደ ዱራሜ ሆስፒታል ይጻፍልናል።

4ኛ/ ክብደት የበዛበት ሰው ቀስ በቀስ ይቀንስ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ ቁጣውም ይበርዳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የመጀመሪያው መድኃኒት ቢፈቀድም፣ እሱም የሚሰጠው ከምግብ ቁጥጥርና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው።

5ኛ/ የሚጠጣ ሰው ይተው። አረቄ የተነካ ጉበትን ይብስ ያቆስላል።

6ኛ/ ለእንግዳ ውኃና ቡና እናቅርብ። ቡና ለጉበት ጥሩ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስኳሩን ግን እንቀንስለት።

ለያሆዴና ለመሳላ የሚቀርበውን አተካና ተዉ ልንል አልመጣንም። በዓሉ በዓል ነው። የምንመክረው በዘወትሩ ማዕድ ላይ ነው፦ ቆጮው በልኩ፣ ጎመኑ በዛ ብሎ፣ ቅቤው ቆጠብ ተደርጎ፣ ቅርብ መንገድም በእግር።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። ከእንግዲህ ጎረቤታችን ጉበቱን መታመሙን ስንሰማ «ምን ጠጥቶ ነው?» የሚለውን ትተን፣ «ሐኪም ምን አለህ? አብረንህ እንሂድ?» ብለን እንጠይቀው።



የሰፈሩ ማኅበር ጤና ኮሚቴ