ስለ መሬት ጉዝጓዝና በቤት ስለሚሠራ የላስቲክ መዘርጊያ የተደረገ ንግግር



በበዓል ቀን በቤታችን ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ እንግዳም በባዶ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ እንጠነቀቃለን። ዛሬ የምነግራችሁ መሬቱ ራሱ ጉዝጓዝ የሚሻ ስለ መሆኑ ነው። ባዶውን የቀረ መደብ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ነፋስ ይጠርገዋል፤ አረምም ይወርሰዋል። የተሸፈነ መደብ ግን ያጠጡትን ውሃ ይዞ ይቆያል።

ይህ ነገር ለጎጃም ደጋ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። በክረምት ዝናቡ ይበዛልናል፤ ከጮቄ ተራራም ብዙ ወንዞች ይወርዳሉ። በጋ በገባ ጊዜ ግን ምንጩ ይሳሳል፤ እንደ ጨሞጋ ካለ ወንዝ የሚጠለፈውም ውሃ በተራ ይከፈላል። የውሃ አባት ተራውን በሚያዳርስበት ጊዜ ስንት ጠብ እንደሚነሣ እናንተ ሽማግሎች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ የምታስታርቁት እናንተ ናችሁና። እንግዲህ ገበሬ በተራው ያገኘውን ውሃ ፀሐይ እንዳትወስድበት ማድረግ የእርሻ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የሰላምም ነገር ነው።

መሬቱን በምን እንሸፍነው? ከሁሉ የሚሻለው ሣርና ገለባ ነው፤ በስብሶ አፈር ይሆናልና። ነገር ግን የጤፍ ገለባ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ ይፈለጋል፤ ኩበቱም ለማገዶ ይሄዳል። ከማሳ የወጣው ወደ ማሳ ስለማይመለስ፣ ለጉዝጓዝ የሚተርፍ ነገር ጥቂት ነው። የላስቲክ ነገር የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ላስቲክ የምንለው ፖሊኤትሊን በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ተገኘ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤመሪ ኤመርት በአትክልት እርሻ እንዲገለገሉበት መንገድ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ጥቁሩ ላስቲክ ብርሃን ስለማያሳልፍ አረምን ያፍናል፤ እርጥበትንም ያቆያል። ነጩና ብርሃን የሚያሳልፈው ግን አረሙን ከሥሩ ያበቅላል።

ላስቲኩ የሚጠቅመው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ሲዘረጋ ነው። የላላ ላስቲክ በነፋስ ይርገበገባል፤ ችግኙንም እየፈተገ ይጎዳዋል። በእጅ ብቻ አጥብቆ መዘርጋት አድካሚ ስለ ሆነ፣ ትምህርት ቤት በራሱ እጅ ሊሠራው የሚችለውን መዘርጊያ ላስረዳ።

በመጀመሪያ መደቡ ይሰናዳ። የላስቲኩ ስፋት 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የመደቡ ራስ 60፣ የግራና የቀኝ ጎኑ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በሁለቱም ወገን 15 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ይህም ጠርዝ በቦዩ ውስጥ የሚቀበረው ነው። ጓል ላስቲክን ይቀዳልና አፈሩ ይድቀቅ። ከመሸፈኑም አስቀድሞ መደቡ ውሃ ይጥገብ።

የመዘርጊያው ቅርጽ፣ ምሳሌው ካልከፋችሁ፣ እንደ ቃሬዛ ነው። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ በመካከላቸው 130 ሳንቲ ሜትር እንዲቀር ፊትና ኋላ በአግዳሚ እንጨት ይቸነከራሉ። ከፊት የላስቲኩ ጥቅል ይገባል፤ በመካከሉ ቀጥ ያለ ዘንግ ይሾልክና የዘንጉ ጫፎች በአጣናዎቹ ላይ በተፈለፈለ ስፍራ ይቀመጣሉ። ጥቅሉ ያለ ልክ እንዳይተረተር በላዩ ጠፍር ይተላለፋል፤ የጠፍሩ አንድ ጫፍ ከአግዳሚው ይታሰራል፣ በሌላው ጫፍ ትንሽ ድንጋይ ይንጠለጠላል። ከጥቅሉ ቀጥሎ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ድቡልቡል ግንድ በገመድ ይታሰራል፤ እርሱም በመደቡ ራስ ላይ እየተንከባለለ ላስቲኩን ይደለድላል።

ከኋላ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት መንኰራኵሮች ይገባሉ፤ ከአንዱ እስከ ሌላው 95 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሳንቃ በሳንቃ ላይ አጣርሶ ቸንክሮ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት እንዲኖረው አድርጎ ክብ መቁረጥ ነው። ላስቲኩን እንዳይቀድዱ ዙሪያቸው በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ይጠቅለል። እነዚህ በግራና በቀኝ ቦይ እየሄዱ ጠርዙን ወደ ታች ይረግጡታል።

ሥራው አራት ሰው ይበቃዋል። ነፋስ በሌለበት፣ ፀሐይ በሞቀችበት ረፋድ፣ የላስቲኩ መጀመሪያ በመደቡ ራስጌ ይቀበራል። ሁለቱ በቦዮቹ ውስጥ እየሄዱ ቀስ ብለው ይስባሉ፤ ሁለቱ በኋላ እየተከተሉ በዶማ በጠርዙ ላይ አፈር ይመልሳሉ። ከዚያም በቢላዋ ትንሽ መስቀለኛ ቀዳዳ እየከፈቱ ጎመን ወይም ቃሪያ ይተክላሉ። የችግኙ ቅጠል የጋለውን ላስቲክ እንዳይነካ ቀዳዳው በመጠኑ ይስፋ። ውሃውም በቦዩ እየሄደ ወደ መደቡ ይሰርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጆች፣ «በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፌስታል ተከልክሎ ሳለ ላስቲክ በእርሻ ላይ ስለ ምን እንዘረጋለን?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው የተገባ ነው። በቻይና አገር ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት ስስ ላስቲክ ዘርግተው ቁራጩን በመሬት ውስጥ ስለ ተዉት፣ ብዙ እርሻ ተበላሸ፤ መንግሥቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ውፍረቱ ከ0.01 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ደነገገ። ስስ ላስቲክ ሲያነሡት ይበጣጠሳልና። በእኛም አገር ከመከር በኋላ ከብት በማሳ ላይ ይለቀቃል፤ ላስቲክ የበላች ላም ደግሞ አትፈጨውም፤ ሆዷ ታግዶ ልትሞት ትችላለች።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ማንሣት የማይችል አይዘርጋ። ሰብሉ እንደ ተለቀመ፣ ከብትም ሳይገባ፣ ክረምትም ሳይደርስ፣ ጠርዙ ተቆፍሮ ላስቲኩ በሙሉ ይውጣ። ያልተቀደደው ታጥቦና ተጠቅልሎ እንደ ገና ይሠራበት፤ የተቀደደው ይሰብሰብ እንጂ አይቃጠል፤ ጢሱ መርዝ ነውና።

መምህራን ሆይ፤ በትምህርት ቤቱ ጓሮ እያንዳንዳቸው 10 ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች አዘጋጁ፤ አንዱን ባዶ ተዉት፣ አንዱን ፍሬ ሳይዝ በታጨደ ሣር፣ አንዱን በላስቲክ ሸፍኑ። ልጆቹ ያጠጡትን ውሃ በባልዲ፣ ያረሙበትን ጊዜ በሰዓት፣ የለቀሙትን በሚዛን ይጻፉ። የላስቲኩም ዋጋ ከትርፉ ይቀነስ። ሣሩ ከበለጠ ሣሩን ያዙ፤ ማሸነፉ ለሁላችንም ደስታ ነው።

ሽማግሎች ሆይ፤ እናንተ ደግሞ ሒሳቡን መጥታችሁ እዩ። ላስቲኩ ጠቅሞ ከተገኘ፣ በውሃው ተራ ስምምነት ላይ አንድ ቃል ጨምሩበት፤ ላስቲክ የዘረጋ ሰው ሳያነሣ የሚመጣውን ዓመት የውሃ ተራ አይቀበል። ውሃውን በተራ እንደምንካፈል፣ መሬቱንም ከልጆቻችን ጋር በተራ ነው የያዝነው። ተራችን ሲያልፍ ንጹሕ አድርገን እናስረክባቸው።