ወደ ሐይቅ ዳር ከተማ ለመሄድ ለምታስቡ እህቶቻችን

(በማኅበራችን አጠቃላይ ስብሰባ ላይ፣ ቶንጎ፣ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ ዝናቡ ሳይዘን ወደየቤታችን እንድንመለስ ንግግራችንን አናስረዝምም። ነገሩ ግን የሁላችንም ስለሆነ በትዕግሥት ስሙን።

ባለፈው ወር ሦስት አባሎቻችን የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። የሦስቱም ቃል አንድ ነበር፤ «ቤታችንን ሸጠን ቢሾፍቱ ልንገባ ነው፣ ገንዘባችንን ስጡን» አሉ። እኛም ዝም ብለን መስጠቱም ዝም ብለን መከልከሉም ከበደን። ስለዚህ እዚያ ወዳለችው እህታችን ደወልን፤ ሁለት ዓመት እዚያ ኖረው የተመለሱትን እናታችንንም ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። ዛሬ የምንነግራችሁ ከሁለቱ የሰማነውንና እኛም የምናውቀውን ነው።

መጀመሪያ ለምን መሄድ እንደሚታሰብ እንናገር፤ አንሸፋፍነው። በጥር 2014 ዓ.ም. እዚህ ቶንጎ ውጊያ ሲነሳ፣ የሱዳን ስደተኞች ይኖሩበት የነበረው መጠለያ ተዘርፎ ሲቃጠል፣ ልጆቻችንን አዝለን የሮጥን ብዙዎች ነን። ከዚያ ወዲህ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ልባችን ይደነግጣል። የታመመ ሰው አሶሳ ለማድረስ ስንት እንደምንለፋም እናውቃለን። እንዲህ ያየች እናት ሰላም ወዳለበት ልሂድ ብትል የሚፈረድባት አይደለም።

ቢሾፍቱም የሚያስመኝ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ይገኛል። ባሕር በሌላት አገራችን ልጆቻችን በስልክ ፎቶ አይተው «ባሕር ዳር ያለ ከተማ» የሚሉት እነ ሆራን፣ ባቦጋያንና ቢሾፍቱ ሐይቅን ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ውኃ የሞላባቸው ሐይቆች ናቸው። ከተማው ታሪክም አለው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሐዲዱ በዚያ አልፎ ነው። በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት ተባለ፤ የአየር ኃይሉም ዋና ሰፈር ሆነ። በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ ይከበራል። የአዳ ማኛ ጤፍ የሚባለውም የዚያ አገር ምድር ያበቀለው ነው፤ ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የወጣው እዚያው ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ፎቶው ላይ የማይታየውንም ስሙ።

እዚያ ያለችው እህታችን የነገረችን ይህ ነው። ሐይቁ ለነዋሪ ሁሉ ደጃፍ አይደለም። ዳርቻውን ብዙ ቦታ ሆቴሎችና መዝናኛዎች ይዘውታል፤ ገብቶ ለመቀመጥ ብር ይጠየቃል። «ከመጣሁ ሐይቁን ያየሁት በጣት በሚቆጠር ቀን ነው፤ የምኖረው ከኋላው ነው» አለችን። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ሰው ይጎርፋል፤ የአልጋ ልብስ አጣቢና የወጥ ቤት ሠራተኛ ይፈለጋል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። በዶሮ እርባታና በአበባ እርሻ ሥራ አለ፤ ክፍያው ግን ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለአዲስ አበባ የቀረበ ከተማ ስለሆነ ዋጋውም ወደ አዲስ አበባ ይጠጋል። እዚህ ከጓሯችን የምንቀጥፈውን ጎመን፣ ከዛፍ የምናወርደውን ማንጎ፣ እዚያ በገንዘብ ነው የምንበላው።

የተመለሱት እናታችን ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩን። «ክፉ ሰው አልገጠመኝም፤ ኦሮምኛም አማርኛም ስለምችል በቋንቋም አልተቸገርኩም። ስታመም ግን በሬን የሚያንኳኳ አልነበረም» አሉን። ዕድር ለመግባት መመዝገቢያ ይከፈላል፤ ሰውም እስኪያውቃችሁ ጊዜ ይፈልጋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ፤ ጎረቤት ግን በአንድ ቀን አይገኝም።

አንድ ነገር እንጨምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለው አካባቢ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው። ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ሥራ ይከፍታል ተብሎ ይጠበቃል፤ ለግንባታው ሲባል ግን ከእርሻቸው የሚነሱ ገበሬዎች አሉ። ስለዚህ «ኤርፖርት ሲመጣ ይወደዳል፣ አሁን በርካሽ ያዙ» የሚል ደላላ ቢገጥማችሁ መሬቱ የማን እንደሆነ ከከተማው አስተዳደር ሳታጣሩ አንድ ብር አትስጡ። ቤት የምትከራዩም ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይላል። በየክልሉ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ግን መነገር አለበት። ያቺ እዚያ ያለችው እህታችን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሄድ የቡድን ብድሯን አልጨረሰችም ነበር። ልቧ ከፍቶ አይደለም፤ ደርሳ እልካለሁ ብላ ኪራይ በላው። ቀሪውን አራቱ ዋሶቿ ከፈሉ። አንደኛዋ ፍየሎቿን ሸጠች። አራቱም እዚህ ተቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ስንት ወር ቡና ሳይጠራሩ እንደቆዩ ሁላችን እናውቃለን። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ኮሚቴው ዕቃዋን ስትጭን እያየ፣ ይሉኝታ ይዞት፣ «እስቲ ሂሳብሽን እንተያይ» አላላትም። ይቅርታ የምንጠይቀው እኛም ነን።

ስንደውልላት መጀመሪያ ያነሳችው ይህንኑ ነው። በየወሩ ትንሽ በትንሽ መላክ ጀምራለች፤ የመጀመሪያው ፍየሎቿን ለሸጠችው እንዲሰጥ አደራ ብላናለች፤ ሰጥተናል። «ለሚመጡት ንገሩልኝ፤ ዕዳ ይዘው አይምጡ፤ ዕዳ ያለበት ሰው ስልክ ማንሳት ይፈራል» ብላናለች። ከዛሬው ምክር ግማሹ የእሷ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው አራት ነገር ያቀርባል፤ እጅ አውጥታችሁ ወስኑበት።

አንደኛ፣ ለመሄድ ያሰበች አባል ከሦስት ወር በፊት ታሳውቅ። በዚያ ጊዜ ብድሯን ትጨርስ፤ ካልቻለች ከዋሶቿ ጋር ተቀምጣ በጽሑፍ ትስማማ።

ሁለተኛ፣ ከመሸጧ በፊት ሄዳ ትይ። አንድ ወር ሰው ጋር አርፋ፣ የሥራውንም የኪራዩንም ነገር በዓይኗ አይታ ትመለስ። ለመሳፈሪያ የሚጎድላት ካለች ከማኅበራዊ ሣጥኑ በብድር እንስጥ።

ሦስተኛ፣ ቁጠባዋን ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳታወጣ እንመክራለን። ገንዘቡ የእሷ ነው፤ አንከለክላትም። ግን ግማሹን ለአንድ ዓመት እዚህ ብትተወው መመለሻ ይሆናታል። ቤቱም የጋራ ከሆነ ባል ብቻውን ሲፈርም ሚስት ዝም አትበል፤ መሸጡ ቀርቶ ማከራየት ይቻል እንደሆነ አብረው ይዩ።

አራተኛ፣ የሄደች አባል ከዕድሩ እንዳትሰረዝ። መዋጮዋን በስልክ ትላክ፤ ሐዘን ቢደርስባት ከእኛ ሁለት ሰው ይሂድ።

ከእናንተ መካከል በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነስተው ወደ አሶሳ የሰፈሩ ሰዎች ልጆች አላችሁ። ወላጆቻችሁ ቦታውን ሳያዩ፣ ሳይመርጡ ነው የመጡት፤ ያዩትን መከራ ስትነግሩን ኖራችኋል። እኛ ዛሬ የመምረጥ ዕድል አለን። አይተን፣ ቆጥረን፣ ተመካክረን እንምረጥ።

ሦስቱ እህቶቻችን፣ ንግግራችን ለእናንተ መከልከያ አይደለም። ብትሄዱ በደህና ግቡ፤ ስልክ ስንደውል አንሱልን። ብትመለሱም ማንም «ምነው መጣሽ» አይላችሁም፤ በዚህ ቤት ወንበራችሁ አለ።

አሁን ቡናው ደርሷል። እየጠጣን እንወያይ፤ ከዚያ እጅ እናውጣ።