ሳናውቅ የተናገርነው፦ ስለ ሂንዱዎች እምነትና ጥንታዊ መጻሕፍታቸው
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ንግግራችንን ከቸርችል ጎዳና እንጀምራለን። ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቴዎድሮስ አደባባይና በዋናው ፖስታ ቤት በኩል ወደ ለገሀር የሚወርደውን ያን ቁልቁለት በተማሪነታችን ዘመን በየቀኑ እንመላለስበት ነበር። አንዳንድ ቀን የሂሳብ መምህራችን ደብዳቤ ይዘው ወደ ፖስታ ቤት ሲወርዱ እናገኛቸዋለን። ህንዳዊ ናቸው። እኛም ከኋላቸው ተደብቀን እንደ ላም «እምቧ» እንል ነበር። ህንዶች ላም ያመልካሉ ሲባል ሰምተናላ! እሳቸው አንድም ቀን ዞረው አልተቆጡንም። ከመካከላችን ማታ ማታ ቁርኣን የምንቀራ ልጆች ነበርን፤ ይህን ስንናገር እናፍራለን።

ነገሩን ያነሣነው ሰሞኑን የራሳችን ልጆች ወደ አማርኛ የተመለሰ የህንድ ድራማ እያዩ ያንኑ «እምቧ» ሲሉ ስለ ሰማን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አንዓም ሰዎች ከእርሱ ሌላ የሚጠሯቸውን እንዳንሰድብ ከልክሎናል። ታዲያ ልጆቻችን የሚስቁበትን እምነት እኛስ እናውቀዋለን?

እምነቱን ያጠኑ ሙስሊሞች ነበሩ። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1030 አካባቢ ስለ ህንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። ሳንስክሪት የተባለውን ከባድ ቋንቋቸውን ተምሮ፣ ሊቃውንታቸውን ጠይቆ፣ መጽሐፌ የሙግት መጽሐፍ አይደለም፣ እነርሱ የሚሉትን እንዳሉት አቀርባለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ተራው ሕዝብ ለጣዖት ሲሰግድ የተማሩት ግን ፈጣሪ አንድ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው መሆኑን እንደሚያምኑ መዝግቧል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈውን እኛ ዛሬም አልደረስንበትም።

«ሂንዱ» የሚለው ስም የመጣው ሲንዱ ከተባለው ወንዝ ነው፤ ፋርሶች ከወንዙ ማዶ ያለውን ሕዝብ የጠሩበት ስም ነበር። ዐረቦችም አገሩን «ሂንድ» ይሉታል። ሃይማኖቱ እገሌ መሠረተው የሚባል ሰው የለውም። ዛሬ ተከታዮቹ ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣሉ። የመጻሕፍቱ መጀመሪያ አራቱ ቬዳዎች ናቸው፤ ከእነርሱም የመጀመሪያው ሪግ ቬዳ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው አጥኚዎች ይገምታሉ። እነዚህ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ያልተጻፉ፣ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ በቃል፣ ድምፅ እንኳ ሳይዛነፍ የተላለፉ ናቸው። ሒፍዝ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ቤተሰብ የዚህን ድካም ለመገመት አይቸገርም።

ከቬዳዎቹ መጨረሻ ላይ የሚገኙት ኡፓኒሻዶች ናቸው። የቃሉ ፍቺ ወደ መምህር ቀርቦ መቀመጥ ማለት እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። የወሎን ደረሳና ሸይኹን አስቡ! ከመቶ በላይ ቢሆኑም ዋና የሚባሉት ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ናቸው። የሚጠይቁት ጥያቄ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነው፦ ከሞት በኋላ ምን አለ? «እኔ» የምለው ማን ነው? በአንደኛው ውስጥ አንድ ልጅ ሞትን ራሱን ፊት ለፊት ይጠይቃል። በሌላው ደግሞ አባት ልጁን ጨው በውኃ ውስጥ እንዲጨምር ያዘዋል። በማግሥቱ ጨውን አምጣ ሲለው ልጁ አያገኘውም፤ ከላይም ከመካከልም ከታችም ሲቀምሰው ግን ጨው ነው። አባትየው በዓይን የማይታየው እውነትም በሁሉ ውስጥ እንዲሁ አለ ይለዋል። ይህን እውነት «ብራህማን» ይሉታል፤ በሰው ውስጥ ያለውን ነፍስ ደግሞ «አትማን»። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? በዚህ ራሳቸው ሂንዱዎቹ አልተስማሙም። ሻንካራ የተባለው ሊቅ አንድ ናቸው ሲል፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ማድቫ ፈጣሪና ነፍስ ፍጹም የተለያዩ ናቸው ብሎ ተከራክሯል።

እነዚህን መጻሕፍት ለአውሮፓ ያደረሰው ሙስሊም ልዑል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ታጅ መሐልን ያሠራው የሻህ ጀሃን ልጅ ዳራ ሺኮህ እ.ኤ.አ. በ1657 የሂንዱ ሊቃውንትን ሰብስቦ 50 ኡፓኒሻዶችን ወደ ፋርስኛ አስተረጎመ። የፋርስኛው ትርጉም በ1801 እና በ1802 በላቲን ታተመና የአውሮፓ ፈላስፎች አነበቡት። ዳራ ግን በዙፋን ሽሚያ በወንድሙ በአውረንግዜብ ተሸንፎ በ1659 ከሃይማኖት ወጥቷል ተብሎ ተገደለ። ሁለቱን እምነቶች ለማቀራረብ የሄደበት መንገድ ለእኛ አይዋጥልንም። ማንበቡ ግን ጥፋት አልነበረም።

ወደ ልዩነታችን እንምጣ። ሂንዱዎች ሥጋ ሲሞት ነፍስ ደግማ ደጋግማ በሌላ አካል ትወለዳለች ይላሉ። የአሁኑ ኑሮ የቀድሞው ሥራ፣ ማለትም የ«ካርማ» ውጤት ነው፤ ከዚህ ዑደት መውጣት «ሞክሻ» ይባላል። እኛ አንዲት ሕይወት፣ አንድ ሞት፣ ከዚያም የቂያማ ቀን ሒሳብ እንዳለ እናምናለን። ፈጣሪም ከፍጡሩ የተለየ ነው፤ ጨው በውኃ እንደሚሟሟ በፍጥረቱ ውስጥ አይሟሟም። ተውሒድ ከምንም ጋር የሚደራደር አይደለም። ሆኖም ሰው ሁሉ የሠራውን ያገኛል የሚለውን ሐሳብ የሚያምን ጎረቤት ከእኛ ጋር የሚነጋገርበት አያጣም።

ካርማ ግን መዘዝ ነበረው። ሰው በትውልዱ ከአራት መደብ በአንዱ ይመደባል፤ ከእነዚህም ውጭ የሚነካ ሁሉ ይረክሳል የተባሉ ሚሊዮኖች ነበሩ። የህንድ ሕገ መንግሥት በ1950 ይህን ከልክሏል። ሕጉን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት፣ ከእነዚያው ከተናቁት የተወለዱት አምቤድካር በ1956 ሃይማኖቱን ትተው ቡድሂስት ሆኑ። ይህን ስንሰማ ራስ መነቅነቅ ይቀለናል። የሸክላ ሠሪዋንና የቀጥቃጩን ልጅ ለልጃችን አናጭም የምንል ሙስሊሞች ግን በየመንደራችን አለን። እኛ ለዚህ የሚያመካኝ መጽሐፍ እንኳ የለንም።

ደግሞ ህንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም። በአዲስ አበባ ንግድ ስሙ የገነነው፣ ጣሊያን በ1937 ከአገር ያስወጣው የመሐመድአሊ ኩባንያ የሙስሊሞች ነበር። በፒያሳ ሲኒማ ቤቶች አባቶቻችን የወደዱት ተዋናይ ዲሊፕ ኩማርም የትውልድ ስሙ ሙሐመድ ዩሱፍ ኻን ነው። ከእኛም አገር በባርነት ተሽጦ የሄደው ማሊክ አምባር በዴካን ጦር መሪ ሲሆን ሂንዱ ማራታዎች ከጎኑ ተዋግተዋል። በ1626 እስኪሞት ድረስ ሙስሊም ነበር።

ስለ መምህራችን የቀረውን ተናግረን እንሰናበት። ከትምህርት ቤት ከወጣን ከዓመታት በኋላ፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ እዚያው ፖስታ ቤት ደጃፍ አገኘናቸው። ሻይ ጋበዙን። በወሬ መካከል የኬረላ ሰው መሆናቸውን፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸውም ክርስቲያኖች እንደነበሩ ነገሩን። ደነገጥን። ያን ጊዜ ታዲያ ለምን ሂንዱ አይደለሁም አላሉንም ብለን ጠየቅን። አገራቸው ቤት ለቤት ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶች ሂንዱዎች እንደሆኑ፣ እኔ አይደለሁም ቢሉ ስድቡን ወደ እነርሱ መምራት እንደሚሆንባቸው በእርጋታ አስረዱን። ይቅርታ ልንጠይቅ አፋችንን ስንከፍት ቀደም ብለው፣ ያን ዓመት በሂሳብ ስንት እንዳመጣን ጠየቁን። ከመካከላችን የወደቅነው ብዙ ነበርን።