የኦንላይን ኮርሳችን ሽያጭ፦ ከየት ተነሥተን የት ደረስን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በኮርስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የኮርስ ኮሚቴው አራት ሴቶች ነን። ከመካከላችን ሁለታችን በሙያችን የሂሳብ ሠራተኞች ነን፤ ስለዚህ ሂሳብ አናውቅም ነበር የሚል ሰበብ የለንም።

እንደምታስታውሱት በ2016 መጀመሪያ ላይ ከመጠባበቂያ ገንዘባችን 48,000 ብር ወስደን የሂሳብ አያያዝ ትምህርት በቪዲዮ ቀርፀን በቴሌግራም እንሸጣለን ብለን ተነሣን። ማይክራፎንና መብራት ገዛን፣ አንድ ክፍል ለሁለት ወር ተከራየን፣ 9,000 ብር ለማስታወቂያ አወጣን። 24 ትምህርት ሠርተን ስሙን «ዘመናዊ የሂሳብ አያያዝ ከሀ እስከ ፐ» አልነው። ዋጋው 1,500 ብር ሆነ።

በሦስት ወር ውስጥ የገዙን 11 ሰዎች ናቸው። ቻናላችን ላይ ደግሞ 2,300 ተከታይ ነበር። ከመቶ አሥሩ እንኳ ቢገዙ እያልን በወረቀት ላይ ሀብታም ሆነን ነበር። ያልተሸጠ ዕቃ እንደ ገቢ አይመዘገብም ብለን ሌላውን የምናስተምረው እኛው ነን!

ገበያው የተጨናነቀ ነው። ቴሌግራም ላይ «ፒችትሪ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚያስተምረው ቻናል ብዛት ያደክማችኋል። ዩቲዩብ ላይም በነፃ ሞልቷል። ስለዚህ ዋጋ እንቀንስ አልንና በመጋቢት ወደ 700 ብር አወረድነው። 6 ሰዎች ብቻ ጨመሩ። ይባስ ብሎ አንድ የማናውቀው ሰው ቪዲዮዎቻችንን ሌላ ቻናል ላይ በነፃ ለቀቃቸው። እስከዚያን ቀን የሰበሰብነው 20,700 ብር ነው። ከመጠባበቂያው 27,300 ብር ጎደለ ማለት ነው።

ይህ ጉድለት የወረቀት ጉድለት ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን አንዲት እህታችን ለልጇ ሕክምና ብድር ጠይቃን የጠየቀችውን ግማሽ ብቻ ነው የሰጠናት፤ ሌላው ግማሽ የእኛ ማይክራፎን ሆኖ ነበር። ዛሬ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጣለች። ልጁ ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀረውን ከዘመድ ተበድራ ነው ያሳከመችው። ያን ዕለት ማታ ከስብሰባ ስንወጣ እርስ በርሳችን አልተነጋገርንም።

በሚያዝያ የገዙንን 17 ሰዎች አንድ በአንድ በስልክ መደወል ጀመርን። መጀመሪያ ልናደርገው የሚገባ የመጨረሻ ሐሳባችን ሆኖ ቀረ። 14ቱ አነሡልን። ኮርሱን የሠራነው ሥራ ለሚፈልጉ ተመራቂዎች ነበር፤ ካነሡልን 9ኙ ግን ሱቅ ያላቸው ሴቶች ሆነው ተገኙ። ኮርሱን የጨረሱት 3 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ሦስተኛው ትምህርት ላይ፣ ዴቢትና ክሬዲት ሲጀመር ቆመዋል። ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔን የቸገረኝ ዴቢት አይደለም። ማታ መሳቢያው ውስጥ የማገኘው ብር የእኔ ይሁን የሱቁ አላውቅም።»

ይህን ከሰማን በኋላ 24ቱን ትምህርት ጥለን 6 አዲስ ሠራን። የኢንተርኔት ጥቅል እንዳይበላባቸው እያንዳንዱ ከአሥር ደቂቃ በታች ነው። የመጀመሪያው የቤትን ገንዘብ ከሱቅ ገንዘብ ስለመለየት ነው፤ ለማንም በነፃ ይሰጣል። ሁለተኛው ስለ ዱቤ ደብተር ነው። ስሙም «የሱቅ ደብተር በስድስት ሳምንት» ሆነ። ማስታወቂያው ላይ «ሥራ ያስገኛል» የሚል ቃል ነበር፤ ለማንም ሥራ አስገኝተን ስለማናውቅ አወጣነው። አንዳችን የደንበኛ ምስክርነት ራሳችን እንጻፍ ብላ ነበር። ተጨቃጭቀን ተውነው። ማን እንደሆነች አንናገርም።

ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። ገዢዋ በየእሑዱ ማታ የሳምንቱን ደብተሯን በስልክ ፎቶ አንሥታ ትልካለች፤ ከእኛ አንዷ ታየዋለች፣ ስህተቱን በድምፅ ትነግራታለች። ቪዲዮውን ማንም ገልብጦ ሊለቀው ይችላል። ደብተሯን ቁጭ ብሎ የሚያይላትን ሰው ግን መገልበጥ አይቻልም። ስለዚህ ዋጋውን መልሰን ወደ 1,200 ብር ከፍ አደረግነው፤ ሁለት ጊዜ ከፍሎ መጨረስም ይቻላል። በአንድ ዙር ከ20 ሰው በላይ አንቀበልም፤ ከዚያ በላይ ደብተር ማየት አንችልም።

ጊዜውንም አሰብንበት። የመጀመሪያውን ዙር በግንቦት የጀመርነው በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ሐምሌ የአነስተኛ ነጋዴዎች የግብር ወር ስለነበረ ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይን የሂሳብ መዝገብ እንድትይዝ አያስገድዳትም ነበር፤ የምትከፍለው በቀን ገቢ ግምት ነበር። ነገር ግን ግምቱ በዛብኝ ብላ ቅሬታ ማቅረብ የምትፈልግ ሴት ደብተር ከሌላት የምታሳየው ነገር አልነበራትም። ይህን ጭንቀት በኅዳር ብትነግሯት ላትሰማችሁ ትችላለች፤ በግንቦት ግን ራሷ ትጠይቃችኋለች።

በመጀመሪያው ዙር 14 ገዙ፣ 11 ጨረሱ። ነሐሴ ላይ በጀመርነው ሁለተኛ ዙር 20 ገዙ፣ 16 ጨረሱ። ከእነዚህ 20ዎቹ 13ቱን ያመጧቸው የመጀመሪያው ዙር ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የእቁብ ጓደኞቿን አምስት ሆነው አስመዘገበቻቸው። ለማስታወቂያ አንድ ብር አላወጣንም።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ከ34 ገዢዎች 40,800 ብር ገባ። ደብተር ለሚያዩት በአንድ ተማሪ 300 ብር፣ በድምሩ 10,200 ብር ተከፈለ። ለኢንተርኔት 3,600 ብር ወጣ። የተጣራው 27,000 ብር ወደ መጠባበቂያው ተመልሷል። ከጉድለቱ ስንቀንሰው ዛሬም 300 ብር ይጎድላል። ከኪሳችን አዋጥተን ልንሞላው አስበን ነበር፤ ነገር ግን ለሌሎች የምናስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት የግልን ገንዘብ ከድርጅት ገንዘብ አትቀላቅሉ የሚል ስለሆነ እንዳለ አቅርበነዋል።

ሦስተኛው ዙር በሚቀጥለው ወር ይጀመራል። እስካሁን 9 ሴቶች ተመዝግበዋል። ደብተር የሚያዩ ሁለት ተጨማሪ ሴቶች ያስፈልጉናል፤ እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት መስጠት የምትችሉ አባላት ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ተመዝገቡ።