በአካፑልኮ ከተማ ወዴት ገብቶ መብላት ይሻላል?

(በራዲዮ የተነገረው ንግግር ቃል እንደሚከተለው ነው።)



ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትሄዱ በሜክሲኮ አደባባይ የምታልፉ ብዙዎች ናችሁ። ይህ አደባባይ በሜክሲኮ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፥ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብለው ለመቀበል እምቢ ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበርና ነው። ሜክሲኮዎችም በበኩላቸው በዋና ከተማቸው አንድ አደባባይና አንድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በኢትዮጵያ ስም ሰይመዋል። እንግዲህ የወዳጅን አገር በካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በገበታውም ማወቅ ተገቢ ስለሆነ፥ ዛሬ አካፑልኮ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወዴት ገብቶ መብላት እንደሚሻል ጥቂት ቃል እንናገራለን። ለጉባኤም ሆነ ለዕረፍት ወደዚያ መሄድ ለሚያጋጥመው ሰው ይጠቅመዋል፤ ለማይሄደውም ዕውቀት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አካፑልኮ ከሜክሲኮ ዋና ከተማ ወደ ደቡብ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጌሬሮ ክፍለ ሀገር፥ በሰላማዊው ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ወሽመጧ እንደ ግማሽ ጨረቃ ክብ ነው፤ ከበስተ ኋላውም ተራራ ከቦታል። ከ1565 እስከ 1815 ድረስ፥ ማለት 250 ዓመት ሙሉ፥ የእስፓኝ መርከቦች ከዚህች ወደብ ብር ጭነው ወደ ማኒላ ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱም ሐርና የቻይና ሸክላ ቅመማ ቅመምም ይዘው ይመጡ ነበር። ዛሬ በሜክሲኮ ገበያ ማኒላ ተብሎ የሚሸጠው ጣፋጭ ማንጎ ስሙን ያገኘው ከዚያ ንግድ ነው። ከ1946 እስከ 1952 አገሪቱን የመሩት ፕሬዚዳንት ሚጌል አሌማን ከተማይቱ የጎብኚዎች ማረፊያ እንድትሆን ብዙ ደከሙ፤ ወሽመጡን ተከትሎ የሚሄደው ሰፊ ጎዳናም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የእኛ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ከተማ በማራቶን ባሸነፈበት በ1968ቱ የኦሊምፒክ ጨዋታም የሸራ ጀልባው ውድድር የተደረገው በአካፑልኮ ነበር።

ነገር ግን ይህች ከተማ በቅርቡ ብርቱ መከራ ደርሶባታል። በጥቅምት ወር 2023፥ በ25ኛው ቀን ሌሊት፥ ኦቲስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ወረደባት። ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ የሆቴሎቹ መስኮትና ግድግዳ ተነቅሎ ሄደ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ሰጠሙ፤ በባሕር ዳር የነበሩት የዘንባባ ዳሶች ተጠራርገው ጠፉ። ዓመት ሳይሞላ፥ በመስከረም 2024፥ ጆን የተባለው ሌላ ዐውሎ ነፋስ ብዙ ዝናም ይዞ መጥቶ ከተማይቱን በጎርፍ አጥለቀለቃት። ስለዚህ በአካፑልኮ የሚበሉበትን ቤት መምረጥ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስም መጠየቅ ይገባል።

ከትልልቅ ሆቴሎች ብዙዎቹ የመኝታውንና የምግቡን ዋጋ አንድ ላይ አስቀድመው ይቀበላሉ። እንዲህ የከፈለ እንግዳ ሦስት ጊዜ ከዚያው አዳራሽ ይበላል፤ የሚበላውም በየትኛውም የባሕር ዳር ሆቴል የሚገኘውን ነው። አገሩን አየሁ ብሎ ይመለሳል እንጂ አገሩን አልቀመሰም። የከተማይቱን ሰው ምግብ መብላት የሚፈልግ ግን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ቀኑ ምንድን ነው? ሰዓቱ ስንት ነው? ዓሣውስ ከወዴት መጣ? እኛም በዚህ ንግግር ሰፈሩንና ምግቡን እንናገራለን እንጂ የአንዱን ነጋዴ ቤት ስም ጠርተን የሌላውን አንተውም።

የአካፑልኮ ሰዎች ከተማቸውን በሦስት ይከፍሏታል፤ አሮጌው፥ ወርቃማውና አልማዙ ይሏቸዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው አሮጌው ክፍል ነው። በዚያ ሶካሎ የሚባለው አደባባይና ካቴድራሉ ይገኛሉ፤ ከዚያም ሳይርቅ ማዕከላዊው ገበያ አለ። በገበያው ውስጥና በዙሪያው ፎንዳ የሚባሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቲቱ ራስዋ ወጥ ሠሪ ናት። እዚህ ቤት የሚታዘዘው ኮሚዳ ኮሪዳ ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ዋጋ የሚቀርብ የምሳ ማዕድ ነው። በመጀመሪያ ሾርባ፥ ቀጥሎ ሩዝ፥ ከዚያ በኋላ ዋናው ወጥ ከባቄላ መሰል ቦሎቄና ከቶርቲያ ጋራ ይመጣል፤ የሚጠጣውም በውሃ የተበጠበጠ የፍሬ ጭማቂ ነው። ቶርቲያ ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገር ቀጭን ቂጣ ሲሆን፥ እንደ እኛ እንጀራ በእጅ ተቆርሶ ምግቡ ይጠቀለልበታል። የሜክሲኮ ሰው ዋናውን ምግብ የሚበላው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ሰዓት ጸሓፊውና የሱቅ ሠራተኛው ተሰልፈው የሚጠብቁበትን ፎንዳ ያየ ሰው፥ ሌላ ምስክር ሳይፈልግ ይግባ። ድስቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃልና የከረመ ምግብ አይሰጠውም።

በዚሁ በአሮጌው ክፍል ካሌታና ካሌቲያ የሚባሉት ጸጥ ያለ ውሃ ያላቸው ሁለት ትንንሽ የባሕር ዳርቻዎች አሉ። የከተማይቱና የዋና ከተማው ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ። በዚያ የሚበላው ሴቢቼ ነው፤ ይኸውም ጥሬ ዓሣ ተከትፎ በሎሚ ውሃ ከተነከረ በኋላ ከቲማቲም፥ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋራ የሚቀርብ ነው። ደግሞም ሽሪምፕና ኦይስተር፥ ሌላም የባሕር እንስሳ በአንድ ብርጭቆ ተደባልቆ ሲቀርብ ቡኤልቤ ኣ ላ ቢዳ ይሉታል፤ ትርጓሜው ወደ ሕይወት ተመለስ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥሬ ነገር በጧት፥ ዓሣው ከባሕር ገና እንደ ወጣ፥ ሰው ከሚበዛበት ቤት ይበላ፤ በጸሓይ ላይ ውሎ በማታ የሚሸጠውን ግን መተው ይሻላል። የባሕሩ ዳርቻ በሜክሲኮ ሕግ የሕዝብ ሁሉ ነው፤ ማንም ሰው ወደ አሸዋው በመግባትህ ክፈል ሊል አይችልም። ወንበሩና ጥላው ግን የምግብ ቤቱ ነውና፥ ከመቀመጥ አስቀድሞ ዋጋውን መጠየቅ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ቀኑ ሐሙስ ከሆነ ሌላ ምክር አያስፈልግም። በጌሬሮ ሐሙስ የፖዞሌ ቀን ነው። ፖዞሌ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ደረቅ በቆሎ በኖራ ውሃ ይቀቀልና ቅርፊቱ ይወልቃል፤ ከዚያም በሥጋ መረቅ ውስጥ እንደገና ለብዙ ሰዓት ሲበስል እያንዳንዱ ፍሬ እንደ አበባ ይፈነዳል። የጌሬሮ ሰዎች በዚህ ላይ የተፈጨ የዱባ ፍሬ፥ ቶማቲዮ የሚባል አረንጓዴ ፍሬና ቅጠላ ቅጠል ጨምረው አረንጓዴ ያደርጉታል። ምግቡ በጎድጓዳ ሳሕን ይመጣል፤ በጎኑም ሽንኩርት፥ ሎሚ፥ ቃሪያ፥ አቮካዶ፥ ኦሬጋኖና የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ይደረደራል። በአካፑልኮ ሰርዲን እንኳ የሚጨምሩበት አሉ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ የመሥሪያ ቤቱ አለቃና ተላላኪው፥ የባንኩ ሠራተኛና ነጋዴው በአንድ ቤት ተቀምጠው ይህንን ሲበሉ ይውላሉ። ከተማይቱን በአንድ ቀን ለማወቅ የሚፈልግ እንግዳ ከዚህ የተሻለ አዳራሽ አያገኝም።

እሑድ ከሆነ ደግሞ ወደ ባራ ቢዬኻ መውጣት ነው። ይህ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፥ በትሬስ ፓሎስ ሐይቅና በውቅያኖሱ መካከል የሚገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በዚያ የሚበላው ፔስካዶ ኣ ላ ታያ ይባላል። ትልቅ ቀይ ዓሣ ከጀርባው እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ ከደረቅ በርበሬ በተሠራ ድልህ ተቀብቶ በብረት ፍርግርግ ላይ በፍም ይጠበሳል። እንግዳው ራሱ ዓሣውን ይመርጣል፤ ዋጋውም በኪሎ ነው። ስለዚህ በፊታችሁ ይመዘን፤ ጠቅላላው ሒሳብ ስንት እንደሚሆን ወደ እሳቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ይነገራችሁ። ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የፍም ጥብስ በችኮላ አይሆንምና። ለዚህ ዓሣ የምትከፍሉት ገንዘብ ሩቅ አይሄድም፤ ከባለ ዳሱ ወደ ዓሣ አጥማጁ፥ ወደ ቶርቲያ ጋጋሪዋና ወደ በረዶ ሻጩ ይከፋፈላል። ዐውሎ ነፋሱ ያፈረሰው ዳስ እንደገና የሚቆመው በእንዲህ ያለ ገንዘብ ነው።

ከከተማው በስተ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ፒየ ዴ ላ ኩዌስታ አለ። ወደዚያ የሚሄዱት ማታ ጸሓይ ወደ ባሕር ስትጠልቅ እያዩ ዓሣ ለመብላት ነው። ማዕበሉ ግን ብርቱ ስለሆነ ከዳሱ ሥር ተቀምጦ መመልከት እንጂ መዋኘት አይገባም።

ይህን ስንል በወርቃማውና በአልማዙ ክፍል ያሉትን ታላላቅ ምግብ ቤቶች ለመንቀፍ አይደለም። እነርሱም ዘንድ የሚያበስሉትና የሚያስተናግዱት የከተማይቱ ልጆች ናቸው። የወሽመጡን መብራት ከኮረብታ ላይ እያዩ አንድ ማታ እራት መብላት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የምንለው፥ እንግዳ ከሰባት ቀን ሰባቱንም በዚያ አይጨርስ ነው።

አሁን ለእኛ አገር ሰው በተለይ የሚያስፈልገውን እንናገር። በሜክሲኮ የአሳማ ሥጋ በብዙ ምግብ ውስጥ ይገባል። የማይበላ ሰው ፑዌርኮ የሚለውን ቃል ይወቅ፤ አሳማ ማለት ነው። ፖዮ ማለት ዶሮ ነው። ፖዞሌውን በዶሮ አምጡልኝ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መረቁ ከምን እንደ ተቀቀለም መጠየቅ ያስፈልጋል። ማንቴካ የሚሉት ብዙ ጊዜ የአሳማ ሞራ ነው፤ ቦሎቄውም ሆነ ታማሌ የሚባለው የበቆሎ ሊጥ በእርሱ ሊሠራ ይችላልና፥ ጿሚም ይህን ቃል ይያዝ። ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳ የማይበላ ሰው ግን በባራ ቢዬኻው ዓሣ ሳይጨነቅ ይጠግባል፤ ቅርፊትና ክንፍ አለውና። ማንም በምስጢር የባሕር ኤሊ እንቁላል ልሽጥላችሁ ቢል እምቢ በሉ፤ የአገሪቱ መንግሥት ኤሊውን መግደልና እንቁላሉን መሸጥ ከ1990 ጀምሮ ፈጽሞ ከልክሏል።

ስለ ሥርዓቱም ጥቂት ማወቅ ይገባል። በአጠገብ የሚበላ ሰው ሲያዩ ብዌን ፕሮቤቾ ይላሉ፤ ማዕዱ ይስማማህ ማለት ነው፤ እናንተም በሉ። አስተናጋጁ ሒሳብ ያላመጣው ረስቶ አይደለም፤ እንግዳን እንደ ማባረር ስለሚቆጠር ካልተጠየቀ አያመጣም። ላ ኩዌንታ ብላችሁ ጠይቁት። ጉርሻ ግዴታ ባይሆንም ከመቶ 10 እስከ 15 መስጠት የተለመደ ነው። ከቧንቧ ውሃ አትጠጡ፤ የተጣራ ውሃ በየቦታው ይሸጣል።

ደግሞም እውነቱን መሸፈን አይገባም። በዚያ አገር የወንበዴ ማኅበሮች ነጋዴውን በማስፈራራት ገንዘብ ይወስዳሉ፤ የሰው ሕይወትም ይጠፋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ወቅታዊውን ማስጠንቀቂያ ተመልከቱ፤ ሩቅ ወዳለው መንደር በቀን ሂዱ፤ በማታ የታወቀ ታክሲ አስጠርታችሁ ተመለሱ። ከዚህ ሁሉ ጋራ ማለዳ ተነሥታ በቆሎዋን የምትቀቅለው ሴት የዚህ ክፋት ተጠቂ እንጂ ተካፋይ አይደለችም።

በ2010 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሜክሲኮን የምግብ ባህል በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ይህ ክብር የተገኘው ከሆቴል አዳራሽ ሳይሆን ከእንዲህ ያሉ እናቶች ምድጃ ነው። እንግዲህ ወደ አካፑልኮ የምትደርሱ ሁሉ፥ ሐሙስ ወደ ፖዞሌ ቤት፥ እሑድ ወደ ባራ ቢዬኻ፥ በሌላው ቀን ወደ ገበያው ፎንዳ ሂዱ። እናንተ ትጠግባላችሁ፤ ከማዕበል የተረፈውም ቤት ድስቱን ደግሞ ይጥዳል።