ዳንኤል ብቻውን አልነበረም

ዛሬ የምንነጋገረው ከመድረክ ብዙ ስለማንሰማው ጉዳይ ነው፤ ስለ ማዕዳችንና ስለ ክብደታችን።

“ይሄ ደግሞ ከቃሉ ጋር ምን አገናኘው?” ትሉ ይሆናል። እስቲ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ግለጡ። ዳንኤል ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት ቆረጠ፤ ለ10 ቀን አትክልትና ውኃ ብቻ እንዲሰጠው ለመነ። ይህን ሁላችን እናውቃለን። አንድ ነገር ግን እናልፋለን፤ ዳንኤል ብቻውን አልነበረም። አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ አብረውት ከዚያው ምግብ በሉ።

“ፓስተር፣ በ10ኛው ቀን ወፍረው ታዩ ይላል እኮ!” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይላል። ረሃብ በሚፈራበት ዘመን መወፈር የጤና ምልክት ነበር። እኛም እስከ ዛሬ ወፈር ያለውን ሰው ስናይ “ተመችቶሃል!” እንላለን። ዛሬ ግን በወገብ ዙሪያ የሚከማች ስብ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም በር ይከፍታል። ደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳያመን፣ ሳይነግረን ይጎዳናል። ልጆቿን ሳታሳድግ የምትወድቅ እናት፣ አገልግሎቱን በመካከል የሚያቋርጥ አገልጋይ ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ጉዳት ነው።

ወገኖቼ፣ የምንወፍረው አብረን ነው። በሰርጉ፣ በምርቃቱ፣ በኅብረቱ ማግስት “በሞቴ!” እየተባባልን ነው። ፍቅራችን መልካም ነው። ነገር ግን “ለስላሳ ይቅርብኝ” ያለውን ወንድም “ጾም ላይ ነህ እንዴ?” ብለን ከቀለድንበት፣ እንዴት ብቻውን ይጸናል? አብረን የገባንበትን አብረን እንውጣው።

እንዴት? አንደኛ፣ ከኅብረታችን ጠረጴዛ እንጀምር። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው፤ 7 የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን የምንጨምረው ስኳር ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። በለስላሳው ፋንታ ውኃ፣ በኬኩ ፋንታ ቆሎና ሙዝ ይቅረብ። እህቶች፣ የወጡን ዘይት በማንኪያ ለኩት፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ነው። ሽሯችን፣ ምስራችን፣ ጎመናችን ግሩም ምግብ ነው፤ ዘይት ሳይዋኝበት ይጣፍጣል።

ሁለተኛ፣ አብረን እንራመድ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ፈጠን ብሎ መሄድ ለሰውነት ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ እየጸለያችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ብላ ጎዳናዎቿን ለእግረኛ የከፈተችው ለዚሁ ነው።

ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጋብዟት። መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጀመረው ይህ ፕሮግራም ጤናን እስከ ደጃችን አምጥቷል። ለሴቶች ኅብረት ስለ አመጋገብ ታስተምር፤ ደም ግፊት የሚለካበትንም ቀን አብራችሁ አዘጋጁ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

አንድ አደራ አለኝ። ማንንም በመልኩ አታሸማቅቁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 6፣ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ያስተማረው በዋጋ የተገዛን ስለሆንን ነው። የከበረን ነገር ይንከባከቡታል እንጂ አይሳለቁበትም። የቀጭኑም የወፍራሙም ዋጋ አንድ ነው፤ የተከፈለው በመስቀሉ ላይ ነው።

ደግሞም ከለስላሳው የተረፈውን ብር አስቡት። በአጥቢያችሁ ዛሬም ሳይበሉ የሚያድሩ አሉ። ከእኛ ማዕድ የቀነስነው ለእነርሱ ይሂድ፤ ያኔ የእኛ ጤና የእነርሱ እንጀራ ይሆናል።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ጓደኞች ፈልጉ። እንጸልይ፤ ጌታ ሆይ፣ ለሰጠኸን ሰውነት እናመሰግንሃለን። እስከምትጠራን ድረስ በብርታት እንድናገለግልህ፣ እርስ በርሳችንም እንድንደጋገፍ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።