አረሩ ገላ ውስጥ ምን ይሠራል? ለትልልቅ የዱር እንስሳት አደን ጥይት ስለ መምረጥ

ርእሱን ያነበቡ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሙስ በሌለበት ሀገር ስለ ሙስ አደን ማውራት ምን ይረባል?» ብለው ጠይቀውኛል። ሙስ የዋላ ወገን ትልቁ ነው። በስካንዲኔቪያ፣ በሩሲያ፣ በካናዳና በአላስካ ደኖች ይኖራል፤ የአላስካው ወንድ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። የመረጥሁት ጉዳዩ በእርሱ ላይ ብዙ ስለ ታሰበበትና በሕግም ስለ ተደነገገ ነው። ወደ እኛ የሚመለስበትን መንገድ ኋላ አሳያለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በአዳኞች ዘንድ የጸና አንድ እምነት አለ፤ ኃይለኛ ጥይት እንስሳውን ገፍትሮ ይጥለዋል የሚል። እስቲ እናስላው። 10 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 735 ሜትር ቢበር 2,700 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ4 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ሲነካ የሚኖረው ጉልበት ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ቀላል አይደለም። ሞመንተሙን ግን 400 ኪሎ ለሚመዝን ሙስ ብናካፍለው፣ እንስሳው የሚገፋው በሰከንድ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ጠመንጃው የተኳሹን ትከሻ የሚገፋውም ቢያንስ በዚያው ሞመንተም ነው፤ ተኳሹ ግን አይወድቅም።

እንስሳው የሚሞተው ሳንባው ወይም ልቡ ተቀዶ፣ ደሙ ፈስሶ፣ አንጎሉ ኦክስጅን ሲያጣ ነው። ሙስ ሳንባው ተመትቶም ምንም እንዳልደረሰበት ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይታያል፤ ልምድ የሌለው አዳኝ «ሳትሁት» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ጥያቄው የገፊነት አይደለም። አረሩ ምን ያህል ይዘልቃል? የሚከፍተው መንገድስ ምን ያህል ሰፊ ነው? ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር ገላ ውስጥ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የፊቱ ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሚገጥመው ተቃውሞም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ቶሎም ይቆማል። ጨርሶ የማይዘረጋ ጥይት ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ ወጥቶ ይሄዳል።

የስዊድን ሕግ ይህን ተረድቷል። ለሙስ ከ9 እስከ 10 ግራም የሚመዝን አረር በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 2,700 ጁል ሊኖረው ይገባል፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። የከበደው አረር የተፈቀደለት ጉልበት አነስተኛ የሆነው ክብደት ራሱ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ነው። አረሩ የሚዘረጋ መሆኑም ግዴታ ነው። በነገራችን ላይ፣ በጦርነት ላይ የሚዘረጋ ጥይት እንዳይተኮስ የ1899ኙ የሄግ መግለጫ ከልክሏል፤ በሰው ላይ የተከለከለው በሙስ ላይ ግዴታ ሆነ። ምክንያቱን ለሕግ ተማሪዎች እተዋለሁ።

ሁለቱን ጠበኞች ለማስታረቅ የተደረገው ዝነኛ ሙከራ ከሙስ አደን የተወለደ ነው። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ቆዳው ላይ ጭቃ የደረቀበት ትልቅ ሙስ ተኮሰ። ጠመንጃው ብርቱ ነበር፤ የዚያ ዘመን አረር ግን በዚያ ፍጥነት ሲያርፍ ላይ ላዩን እየተበታተነ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ኖስለር ከዚያ ተመልሶ በመካከሉ የመዳብ ቅይጥ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ የፊተኛው እርሳስ ይዘረጋል፣ የኋለኛው ሳይነካ ይዘልቃል። ችግሩ የጉልበት ማነስ ሳይሆን የአረሩ አሠራር እንደ ነበር ልብ በሉ።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በስዊድን የእንስሳት ሕክምና ስማር ከአንድ የአደን ቡድን ጋር ወጥቼ ነበር። የወደቀውን ሙስ ሲበልቱ ትከሻው ላይ መግል የያዘ አሮጌ ቁስል አገኘን። ሽፋኑ እንደ ወረቀት ተቀዶ፣ እርሳሱ በትከሻ አጥንቱ ላይ እንደ አሸዋ ተበትኖ ቀርቶ ነበር። ማን እንደ ተኮሰው አልታወቀም። ሽማግሌው አዳኝ ቢላውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እንስሳው ያን ይዞ ለቀናት ተራምዷል።

በአማርኛችን «አረር» የማዕድኑም የሚተኮሰውም ስም ነው፤ ቋንቋው ራሱ ጥይት እርሳስ ብቻ እንደሆነ አምኗል። እርሳስ ግን መርዝ ነው። የተበታተነው ቅንጣት በሥጋው ውስጥ፣ ከዚያም አልፎ ደን ውስጥ በሚጣለው ሆድ ዕቃ ውስጥ ይቀራል። በካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ በ1982 ቁጥሩ ወደ 22 ወርዶ ነበር፤ ተራብቶ ወደ ዱር ከተመለሰ በኋላም ብዙዎቹን የገደላቸው ከአዳኝ ትራፊ የበሉት እርሳስ ነው። ግዛቲቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በማናቸውም የዱር እንስሳ አደን እርሳስ ያለበትን ጥይት ከለከለች። ዴንማርክም በ2024 ለጠመንጃ ጥይት ይህንኑ አደረገች።

ምትኩ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ነው። አይበታተንም፤ ክብደቱን ጠብቆ ይዘልቃል። እንከን ግን አለበት። የመዳብ እፍጋት 8.9፣ የእርሳስ 11.3 ስለሆነ፣ በክብደት እኩል የሆነው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ የረዘመውን ለማረጋጋት ደግሞ የአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ፈጠን ብሎ የሚያዞር መሆን አለበት። ርቀቱ በዝቶ ፍጥነቱ ሲወድቅም ላይዘረጋ ይችላል። አንዳንድ ጠመንጃ ከአንዱ የመዳብ አረር ጋር ተስማምቶ ሌላውን ይጠላዋል፤ አስቀድሞ ዒላማ ላይ ከመሞከር በቀር መፍትሔ የለውም። ከመቶ ሜትር ባነሰ ርቀት ለሚተኩስ የሙስ አዳኝ ግን እኔ ያለ ማመንታት መዳቡን እመርጥለታለሁ።

ወደ ሀገራችን ልመለስ። በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን ክፍያ በሚፈጽሙ የውጭ አዳኞች በፈቃድ ይታደናል። ክርክራችን ሁሌም ስንት ይገደል በሚለው ላይ ነው፤ በምን ይገደል የሚለውን ሲነሣ አልሰማሁም። የእኛ ጥንብ አንሳዎችም ከትራፊው ይበላሉ። ከእናንተ መካከል ነገ የአደን ፈቃድ ላይ የሚፈርሙ አሉ፤ ቅጹ ላይ የአረሩን ዓይነት የሚጠይቅ አንድ መስመር መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ጠረጴዛው ላይ ከአሸዋ ውስጥ ያወጣኋቸው ሦስት የተተኮሱ አረሮችና ሚዛን አሉ። ከመውጣታችሁ በፊት መዝኗቸው፤ የመጀመሪያው ምን ያህል እንደ ጎደለ ታያላችሁ።